ትርፉ ምርኩዝ

«ጋሼ! ጋሼ ተነስ እንጂ! ሲጥል አድሯል እኮ!»

ጋሼ አልተነሳም። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ «በረዶው የትም አይሄድብሽም፤ እኔም የትም አልሄድም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷን ግን ማን ያስችላት! ባዶ እግሯን ጫማ ውስጥ ሰክታ፣ የእንግዳ ማረፊያውን ደረጃ እየዘለለች ወርዳ፣ የውጭውን በር በርግዳ ወጣች። መንገዱ፣ የቆሙት መኪኖች፣ የቆሻሻ ገንዳው ሳይቀር አንሶላ የለበሰ ይመስላል። አንድ እፍኝ ዘገነችና ቀመሰችው። ጣዕም የሚባል ነገር የለውም፤ እሷ ግን እያጣጣመች ጨረሰችው።

ልጅቷን ቤተሰቡ «ቅመም» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ገና ዳዴ ስትል እጁን ነክሳው፣ «ይቺ እንዴት ያለች ቅመም ናት!» አለ አሉ፤ በዚያው ጸና። እሷ ደግሞ ጋሼ ትለዋለች። ከሀገራቸው ተነስተው እዚህ የመጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እሷ በበረዶ ሸርተቴ ልትወዳደር፣ እሱ የቀረውን ሁሉ ሊሆን። ሹፌሩ እሱ፣ ሻንጣ ተሸካሚው እሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምትንሸራተትባቸውን ስኪዎች ሰም የሚቀባው እሱ። ሙያው መካኒክነት ነው። ጋራዡን ለሸሪኩ ጥሎ፣ «የእህቴን ነገር ለማንም አላምንም» ብሎ ተከትሏት መጣ።

በረዶ ከማይጥልበት ሀገር የበረዶ ተወዳዳሪ እንዴት ይወጣል ብላችሁ እንዳትስቁ። የሰፈሩ ሰው ስቆ ጨርሶላችኋል። ባለ ጎማ ስኪ የሚባል ነገር አለ፤ ከጫማ ሥር የሚታሰር ጠባብ ዘንግ ሆኖ ፊትና ኋላው ላይ አንዳንድ ጎማ ያለው። በረዶ ያላቸው ሰዎች በረዶው ሲቀልጥባቸው በእሱ አስፋልት ላይ ይለማመዳሉ። አንድ የስፖርት አስተማሪ ከውጭ ይዞት መጣ፤ የሰፈሩ ጎረምሳ በሙሉ ሞከረው፣ በሙሉ በቂጡ ወደቀ። ቅመም ግን ቆመችበት፣ ሄደችበት፣ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በሁለት ምርኩዝ አስፋልቱን እየወጋች አቀበቱን ስትወጣ የታክሲ ሾፌሮች «እህት፣ ቤንዚን አለቀብሽ እንዴ?» ይሏታል። እናቷ ደግሞ «እኔ ሳልይዝ አንቺ ምርኩዝ ቀደምሽኝ!» እያለች ትተርባታለች። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ገፋችበት። ባለፈው ዓመት ለስልጠና ተልካ ጥቂት ሳምንት እውነተኛ በረዶ ላይ ሜዳ ሜዳውን ስትንሸራተት ቆየች። ዘንድሮ ግን ስልጠና የለም! ከከተማ ከተማ እየተዞረ፣ ብርዱ እስኪያልፍ የሚዘልቀው የውድድር ወቅት ነገ ይከፈታል፤ እሷም ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ ጠዋት እንዴት አድርጋ ትተኛ?

ደስታው ግን ጣጣ ነበረበት። የፌዴሬሽኑ ኃላፊ ሲሸኛቸው እንቅጩን ነግሯቸዋል። «የመጀመሪያውን ውድድር እናያለን። ሰማንያ ሴት ነው የሚወዳደረው። እስከ አርባኛ ከገባሽ ወቅቱን ሙሉ ትቆያላችሁ። አርባ አንደኛ ከሆንሽ ግን አታስቸግሪኝ፤ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ናችሁ፤ ይሄ የስኪ ነገርም ይዘጋል።» ጋሼ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ቅመም እግሩን ረገጠችውና፣ «ይሁን፣ ተስማምተናል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ የምትባለውን ቁጥር የአውቶቡስ ግንባር ላይ እንኳ ስታያት ፊቷን ታዞራለች።

ለማንኛውም፣ ጋሼም እያጉረመረመ ተነሳ፤ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ሥራው የሚጀመረው ከሰም ክፍሉ ነው። ከመወዳደሪያው አጠገብ እንደ ሱቅ የተደረደሩ ትናንሽ የቆርቆሮ ክፍሎች አሉ፤ ለየቡድኑ አንዳንድ ደርሶታል። የእነሱ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ ሁለት ብሩሽና አንድ ማሞቂያ ገብቶበት ሞልቷል፤ ሲተላለፉ አንዳቸው ሆዳቸውን መሳብ አለባቸው። ጋሼ ግን ደስ ብሎታል፤ መሣሪያዎቹን እንደ ጋራዡ በየመጠናቸው ደርድሮ፣ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እያፏጨ ነው። ጎረቤታቸው ያለው ቡድን ሦስት ሰም ቀቢ አለው፤ ተወዳዳሪዋም በሩን ጎንበስ ብላ የምትገባ መለሎ ናት፤ ቅመም ብትቆምላት ከደረቷ አታልፍም። ባለፈው ዓመት ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ነበረች። ጋሼ ገና ሲያያት «ቀጭኔ» ብሎ ስም አወጣላት። ቀጭኔ ባለፈች ቁጥር እጇን አውለብልባ ፈገግ ትላለች፤ ጋሼም ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ቋንቋ ስለማይግባቡ ወሬያቸው በዚህ ያበቃል።

ስለ ሰሙ ትንሽ ላስረዳችሁ፤ አይከብድም። ስኪው ሁለት ዓይነት ሰም ይቀባል። ፊትና ኋላው የሚያንሸራትት፣ መሃሉ፣ ከእግር ሥር ያለው፣ የሚይዝ። አቀበት ላይ እግራችሁን ጠቅ አድርጋችሁ ስትረግጡ መሃሉ በረዶውን ቆንጥጦ ይይዝላችኋል፤ እናንተም ወደ ፊት ትሄዳላችሁ። ካልያዘ ወደ ኋላ ነው የምትሾልኩት።

ቅመም ሜዳውን እንደ ልቧ በረረችበት። በምርኩዞቿ ገፋ ባደረገች ቁጥር ነፋሱ በጆሮዋ እያፏጨ ያልፋል፤ እሷ ብቻዋን ትስቃለች። አቀበቱ ጋ ስትደርስ ግን ጉድ ፈላ። ረገጠች፤ እግሯ ወደ ኋላ ሾለከ። ደግማ ረገጠች፤ አሁንም ሾለከ። ከኋላዋ የመጡት ሁሉ አንድ በአንድ እያለፏት ወጡ።

«ሰሙ ነው!» አለ ጋሼ። መካኒክ አይደል? ለእሱ ጥፋት ሁልጊዜ ከዕቃው ነው። ስኪዎቹን ነጥቋት ገብቶ አንድ ድርብ ጨመረ። ወጣች፤ ሾለከች። ሌላ ዓይነት ጨመረ። ሾለከች። «ቆይ፣ ይሄን ደግሞ እናክልበት» እያለ ሲያክል፣ ሲያክል፣ በመጨረሻ ሰሙ ከመብዛቱ የተነሳ በረዶው ሥሩ ተጋገረ፤ ቅመም ጭቃ ውስጥ የገባች ይመስል እግሯን እየጎተተች ተመለሰች።

«አሁንስ ያዘ?» አለ ጋሼ፣ አፉን ሞልቶ።

«ያዘ እንጂ! ቁልቁለቱም ላይ ያዘኝ!»

እሱ ሊፍቅ ሲገባ እሷ አቀበቱ ሥር ሄዳ ቁጭ አለች። ቀጭኔ መጣችና አጠገቧ ጀምራ ወጣች። ቅመም ዓይኗን ከቀጭኔ እግር አልነቀለችም። ቀጭኔ የምትረግጠው ሁለቱ እግሮቿ ጎን ለጎን ሲደርሱ ነው፤ ቁልቁል፣ ጠቅ፣ አለቀ። ቅመም ተነስታ ያለ ምርኩዝ፣ ቀስ ብላ ሞከረች። የእሷ እግር የሚረግጠው ወደ ኋላ ካለፈ በኋላ ነው። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ይህን ጊዜ ገባት። የጎማው ስኪ ጎማ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይዞርም፤ ዘግይታ ብትረግጥም ይይዝላታል። ስንት ዓመት ሙሉ ጥፋቷን ሸፍኖ አኑሯታል! በረዶ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ሰሙ ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው እግሯ ነው፤ ዓመት የለመደ እግር ደግሞ ባንድ ቀን አይታረምም፤ ውድድሩ ነገ ነው።

እዚያው በረዶው ላይ አለቀሰች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ቀዘቀዘባትና በጓንቷ ጠረገችው። ከዚያ ጓንቷን አየችው፤ ክንዷን አየችው። የሰፈሯ አቀበት ላይ እግሯ ሲዝል ሁለቱን ስኪ ገጥማ በክንዷ ብቻ ስንት ጊዜ ወጥታለች! በክንድ ብቻ ከተሄደ የሚይዝ ሰም ለምን ያስፈልጋል? ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያንሸራትተው ቢቀባ ሜዳውና ቁልቁለቱ ላይ ማን ይደርስባታል? አቀበቱ በጣም ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ የስኪዎቹን ጫፍ ወደ ውጭ ከፍታ እንደ ዳክዬ እየረገጠች ትሮጣለች፤ ለዚያ ሰም አይፈለግም። ዘላ ተነሳች።

የሰም ክፍሉን በር በርግዳ ስትገባ ጋሼ አዲሱን ድርብ ጨርሶ ላቡን እየጠረገ ነበር።

«ጋሼ፣ ፋቀው።»

«ምኑን?»

«የሚይዘውን። ሙልጭ አድርገህ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያንሸራትተውን ብቻ ቀባልኝ። በክንዴ ነው የምሄደው።»

ጋሼ ካውያውን አስቀመጠ። «ብርዱ ጭንቅላትሽ ውስጥ ገባ? አሥር ኪሎ ሜትር! ያን አቀበት ሁለት ጊዜ! በክንድ! ቀጭኔ እንኳ አትሞክረውም።»

«ቀጭኔ እግር አላት።»

«አንቺስ እግርሽ ምን ሆነ? ሰሙ ነው እንጂ…»

«ሰሙ ላይ አታሳብብ! እግሬ ነው አልኩህ። ዘግይቼ ነው የምረግጠው፣ ጎማው አባልጎኝ ነው። ኩንታል ሰም ብትቀባበት አይድንም።»

ጋሼ ሆድ ባሰው። «እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ስቀባ የዋልኩት ለከንቱ ነው በይኛ» አለና ጨርቁን ከትከሻው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ቅመም መፋቂያውን አነሳችና ራሷ መፋቅ ጀመረች፤ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ፣ ግራ ቀኙን ሳታውቅ። ጋሼ እጁን አጣምሮ ትንሽ ቻለ። ከዚያ አቃተው።

«ኧረ እንደሱ አይደለም! ስኪውን ልትልጪው ነው እንዴ? አምጪ ወዲህ!»

ነጠቃት። እየተነጫነጨ ፋቀ፤ እየተነጫነጨ አጠበ። የሚያንሸራትተውን ሰም በካውያ ማቅለጥ ሲጀምር ግን ንጭንጩ ቀስ በቀስ ጠፋ። ቀባ፣ አበረደ፣ ፋቀ፣ ቦረሸ፤ እንደገና ቀባ። መጨረሻ ላይ ስኪውን ወደ መብራቱ አነሳና «የሙሽራ መኪና እንኳ እንዲህ አድርጌ ወልውዬ አላውቅም» አለ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ቅጭም አለ። «በክንድ ብቻ ከሆነ፣ ምርኩዝ ቢሰበርብሽስ?»

«አለቀልኝ።»

«ያለን ትርፍ አንድ ነው።» ጥጉ ላይ የቆመውን ብቸኛ ትርፍ ምርኩዝ አየው። «እንግዲያው እሱን ይዤ አቀበቱ ላይ እቆማለሁ። የሚሰበረው እዚያ ነው።»

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ቅመም ቁርስ አልወርድ አላት፤ ሻይዋን ፉት ብላ ተወችው። እናቷ ደወለች።

«ደርበሽ ለብሰሻል?»

«እማዬ፣ ውድድር ነው እኮ! ተደርቦ አይሮጥም!»

«እሱን አቅርቢልኝ!»

ጋሼ ስልኩን ተቀብሎ፣ «እሺ እማዬ፣ አዎ እማዬ፣ ሁለት ሹራብ ለብሳለች» ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ።

አነሳሱ በተራ ነው። በየግማሽ ደቂቃው አንዷ ብቻዋን ትለቀቃለች፤ ማን ማንን እንደበለጠ የሚታወቀው በሰዓት ነው። ስም የሌላቸው መጀመሪያ ይነሳሉ፤ የታወቁት ኋላ። ቅመም ከፊተኞቹ ጋር ናት፤ ቀጭኔ የሁሉም መጨረሻ። መነሻው ላይ ስትቆም ከፊቷ ያለው ነጭ መንገድ ቶሎ እንዲሰጣት ቸኩላለች። አስነሺው ትከሻዋን ይዞ ቆጠረ። ደወሉ ጮኸ።

ክንዷን ወረወረች፣ ወገቧን አጠፈች፣ ገፋች፤ ስኪው ሸሸ! እንዲህ ያለ መንሸራተት በሕይወቷ አይታ አታውቅም። «ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ!» ብላ ጮኸች፤ ማንም አልሰማትም። ሜዳው ላይ ከፊቷ የተነሳችውን ደረሰችባት፤ ቁልቁለቱ ላይ አለፈቻት፤ ከዚያ ሌላዋን አለፈች። ነፋሱ እንባዋን ወደ ጆሮዋ ይነዳዋል፤ እሷ ጥርሷ እየበረዳት ትስቃለች።

አቀበቱ መጣ። እግሯን ገጥማ፣ ምርኩዞቿን እየወጋች፣ ጎትት፣ ጎትት፣ ጎትት። መሃሉ ላይ ጋሼ ትርፉን ምርኩዝ አንግቶ ቆሟል። «በሆድሽ ግፊ! ቅመም! በሆድሽ!» በሆዷ ገፋች። ቀጥ ያለው ጋ ዳክዬ ሆነች፤ ጫፉን ረገጠችና እንደገና ወደ ቁልቁለቱ ተወረወረች። አንደኛው ዙር አለቀ። የቀረው ያው አንድ ዙር ነው፤ ያው ሜዳ፣ ያው አቀበት። ክንዶቿ ግን ያው አልነበሩም።

ሁለተኛው ዙር ላይ እሳት ገባባቸው። መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ከዚያ ጀርባዋ፣ ከዚያ ጣቶቿ፤ ምርኩዙን የያዘችው እሷ ትሁን ጓንቷ መለየት አቃታት። አንዲት ጠንካራ ልጅ ከኋላ ደርሳ አለፈቻት። አቀበቱ እንደገና ከፊቷ ተደቀነ፤ ካለፈው ጊዜ የረዘመ መሰላት። መሃሉ ላይ ክንዷ እምቢ አለ፤ እምቢ ማለት ብቻ አይደለም፣ የሷ አልሆን አለ። ቆመች ማለት ይቻላል። ይህን ጊዜ ጋሼ ከመንገዱ ዳር በረዶውን እስከ ጉልበቱ እየገባበት አብሯት ይሮጥ ጀመር። ወደቀ፤ ተነሳ፤ ባርኔጣው ወለቀ። «የሰፈራችን አቀበት ነው!» እያለ ይጮሃል። «ይሄ የታክሲዎቹ አቀበት ነው! ሾፌሮቹ እያዩሽ ነው! ልትቆሚላቸው ነው?» ደሟ ፈላ። ጥርሷን ነክሳ ዳክዬዋን ጀመረች፤ በክንዷ ሳይሆን በንዴቷ ወጣች። ከጫፉ ወዲያ ምን እንደሆነች አታውቅም። መስመሩን ስታልፍ በግንባሯ ተደፋች፤ ምላሷን አውጥታ እንደ ውሻ አለከለከች።

ቀና ስትል ትልቁ ሰሌዳ ላይ ከስሟ ጎን «ሰባተኛ» ይላል። ሰባተኛ! ግን ያልገቡት ይበዛሉ፤ ያልገቡት ደግሞ ጥሩዎቹ ናቸው። ጋሼ እንዳይመጣ፣ የመጨረሻዋ ተወዳዳሪ ሳታልፍ መንገዱን ማቋረጥ ክልክል ነው፤ አቀበቱ ላይ ታግቶ ቀርቷል። ብቻዋን ብርድ ልብስ ተከናንባ ሰሌዳው ሥር ቆመች። አንዷ ገባች፤ ቅመም ስምንተኛ ሆነች። ሌላዋ ገባች፤ ቅመም ባለችበት ቀረች፤ ዘለለች። እንዲህ እያለ ቁጥሩ ከሃያ አለፈ፣ ከሠላሳ አለፈ። ሠላሳ አምስት ላይ ረጅም ጊዜ ቆመና ተስፋ ሰጣት። ከዚያ ታዋቂዎቹ ተከታትለው ጎረፉ። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። አንዲት ተወዳዳሪ ብቻ ቀረች፤ ቀጭኔ።

ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ከአሥሮቹ አንዷ የሆነች ሴት እንዴት ብላ ከእሷ በታች ትገባለች? ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግራት ማሰብ ጀመረች። ሻንጣው ውስጥ ስኪዎቹ በየት በኩል እንደሚገቡ ሁሉ አሰበች። ሰዓቱ ይቆጥራል። የአንደኛዋ ሰዓት አለፈ፤ ቀጭኔ የለችም። የአሥረኛዋም አለፈ። የቀጭኔ ሰዎች አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ እርስ በርሳቸው ይጯጯሃሉ። የሠላሳኛዋ አለፈ። ቅመም ብርድ ልብሷን ጨምድዳ ይዛ፣ «እንዳትመጪ፤ በናትሽ እንዳትመጪ» ስትል ራሷን ሰማች። አፈረች፤ ግን አልተወችም።

መጣች።

ከመጨረሻው ቁልቁለት ብቅ ስትል አካሄዷ ሌላ ነው። በቀኝ እጇ የራሷ ረዥም ምርኩዝ፣ በግራዋ አንዲት አጭር። ገፋ ባደረገች ቁጥር በግራ በኩል እጥፍ ብላ ጎንበስ ትላለች፤ ወገቧን ሰብራ ቀና ትላለች፤ እንደገና እጥፍ። ከዚህ ሁሉ ተወዳዳሪ እንዲያ ያለ አጭር ምርኩዝ ያላት አንድ ሰው ብቻ ናት።

«ጋሼ!» አለች ቅመም። «ጋሼ፣ ምን አደረግከኝ!»

ቆሽቷ አረረ። የእሷን ምርኩዝ! ለእሷ ብሎ ይዞት የቆመውን! ቀጭኔ በአንድ ምርኩዝ ብቻ ብትቀር ኖሮ ገና አቀበቱ ላይ እየተንፏቀቀች ነበር። ትውደቅ ብላ ተመኘች፤ አዎ፣ ተመኘች። ቀጭኔ ግን አልወደቀችም። ፊቷ ቀልቷል፣ ዓይኗ ፈጧል፣ በአጭሯ ምርኩዝ መሬቱን ልትስም እየደረሰች ትመጣለች። ሰዓቱም ይመጣል። ቅመም ማየት አልቻለችም፤ በሁለት ጓንቷ ዓይኗን ሸፈነች። ሕዝቡ ጮኸ።

ጓንቷን ዝቅ ስታደርግ ሰሌዳው ላይ የቀጭኔም ስም ገብቷል። አርባ አንደኛ። ከላዩ ያለው ስም የቅመም ነው፤ አርባኛ። በመካከላቸው ያለው ሰዓት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አይሞላም።

ከዚያ የሆነውን እሷም በደንብ አታስታውሰውም። ጮኸች፤ ብርድ ልብሱ በረረ፤ አጠገቧ የቆመውን ፎቶ አንሺ ከነካሜራው አቀፈችው። ስትረጋጋ ቀጭኔ በጀርባዋ ተዘርራ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ቅመም ወደ እሷ ሄደች። ቀጭኔ ተነስታ ተቀመጠችና አጭሯን ምርኩዝ በሁለት እጇ ያዘችላት፤ በአገጯ ወደ አቀበቱ አመለከተች፤ ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። ቅመም ምርኩዙን ተቀበለችና እሷም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ቀደም ሲል የተመኘችው ትዝ ብሏት ፊቷ ጋለ።

መንገዱ ሲከፈት ጋሼ ወረደ። አወራረዱ የመርዶ ነጋሪ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በረዶ የጠገበች ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ሰሌዳው ለአቀበቱ ጀርባውን ሰጥቶ ስለቆመ ምንም አላየም።

«ቅመም» አለ። «ቀጭኔ… ምርኩዟ እፊቴ ቀጭ አለ። አላሰብኩም፤ በእማዬ ሞት አላሰብኩም። የተሰበረ ዕቃ ሳይ እጄ ቀድሞኝ ሄደ። አንቺ ትዝ ያልሽኝ ከሰጠኋት በኋላ ነው። ሮጬ ልቀማት ሁሉ ፈልጌ ነበር።»

«ሰጥተህ ልትቀማ?»

«አዎ! ግን ሄዳለች። ስንተኛ ሆንሽ? አይ፣ አትንገሪኝ። እኔ ነኝ የገደልኩሽ። ለኃላፊው እኔ ራሴ…»

ቅመም ትንሽ ልታንጨረጭረው አስባ ነበር፤ አንጀቷ አልቻለም። ትከሻውን ይዛ ወደ ሰሌዳው አዞረችው። ጋሼ አነበበ፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ደግሞ አነበበ። ከዚያ በረዶው ላይ ዘጭ አለ። መሳቁ ይሁን ማልቀሱ አይታወቅም። አጠገቡ ቁጭ ብላ እስኪወጣለት ጠበቀችው።

«ቆይ ግን ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለች በኋላ። «አርባ አንደኛ እንደምሆን ብታውቅ ኖሮስ ትሰጣት ነበር?»

ጋሼ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«እሰጣት ነበር» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ከዚያ ግን ቤታችን እስክንደርስ አውሮፕላኑ ውስጥ እያለቀስኩ ነበር የምሄደው።»

ቅመም ተነስታ በረዶውን ከቂጧ አራገፈች፤ ትርፉን ምርኩዝ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«እንግዲያው ለእሑዱ ውድድር ሌላ ረዥምም ጨምረህ ይዘህ ቁም» አለችው። «አየሃት አይደል፣ በዚህኛው ወገቧ ሊቀነጠስ ነበር እኮ።»